የሚንጫጫው ካሴት

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የአዋሽ ሰባት ፖሊስ ጣቢያ የምርመራ ኃላፊ መቶ አለቃ ጉልላት የረዲን ሙዚቃ ቤት የጓዳ በር ሲያስሰብር መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፣ አገሩ አዋሽ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ደግሞ ድምፅ እንዳያሾልክ ጥጥ በታጨቀባቸው ከረጢቶች ተለብጧል። እዚህ ውስጥ ከትናንት ጀምሮ የዋለና ያደረ ሬሳ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ፈጣሪውን ያመስግን።

አስር አለቃ ጥጋቡ ቆቡን አፍንጫው ላይ ደፍኖ ወጣና ግድግዳ ተደግፎ ቁርሱን መለሰ። ጉልላት ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆኖ ሬሳ አልለመደም፤ የለመደው ሰው ፊት አለማስታወክን ብቻ ነው።

ሟቹ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ረዲ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው የወሎ ልጅ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የማይክሮፎን ገመድ አንገቱን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ዝንቡ አይነገርም። የድምፅ ማጉያው ከትናንት ጀምሮ የሚያጠፋው አጥቶ እምምም ይላል፤ ጌታው ሞቶ ዕቃው ሥራ ላይ ነው። ጉልላት ማጥፊያውን ፈልጎ ተጫነው።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ከፊቷ እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፍ የተደረደረባት ግራጫ ዕቃ፣ ከጎኗ ደግሞ በሽቦ የተያያዘች ካሴት ማጫወቻ አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ ጉልላት።

«ኮምፒዩተር ናት» አለ ሀሰን ከደጅ ሆኖ። ሀሰን ጎረቤት ልብስ ሰፊ ነው፤ ሽታው ቢብስበት ጣቢያ ድረስ ሄዶ ያመለከተው እሱ ነው። «ከበሮውንም ዋሽንቱንም የምትጫወትለት እሷ ናት። ረዲ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ክራር እንኳ መቃኘት አይችልም ነበር። ቁጥር ይጽፍላታል፣ እሷ ትጫወትለታለች። ታዲያ አንዲቷን ዜማ ወር ሙሉ ነው የሚያበጃት። ይቺን አንስቶ ያቺን ጥሎ፣ እንደገና አፍርሶ። እኔ ሱሪ ስሰፋ እንኳ እንዲህ አልለፋም።»

«ትናንት መቼ ነው መጨረሻ የሰማኸው?»

«እስከ አሱር ሶላት ድረስ ሙዚቃው ነበር። አዛን ሲል መቀሴን ጥዬ መስጂድ ሄድኩ። የኛ ረድፍ ሱቅ ሁሉ በዚያን ሰዓት ይዘጋል፤ መንገዱ ላይ ሰው አይቀርም። ስመለስ ጸጥ ብሏል። ግማሽ ሰዓት ብቆይ ነው። ደክሞት ተኛ ብዬ ተውኩት።»

አሱር ማለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጉልላት ጻፈው።

«ማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

ሀሰን መሬት መሬት አየ። «ጠዋት ከከድሩ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። የሎጊያው ሹፌር ነው፤ ኮምፒዩተሯን ከጅቡቲ ደብቆ ያመጣለት እሱ ነው። ጓደኛሞች ናቸው ግን፣ መቶ አለቃ። ወላሂ ወንድማማች ናቸው።»

ይኸን ጊዜ የፓርቲው ተወካይ ጓድ ከተማ ሽቶ የነከረ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ደረሰ። ሬሳውን በወጉ እንኳ አላየውም። ዓይኑ ኮምፒዩተሯ ላይ አረፈ፣ ጣቱን ዘርግቶ ማጫወቻዋን ተጫነ። ከካሴቱ የወጣው ነገር ዘፈን አይደለም፤ የድስት ቂጥ በሹካ ሲፋቅ ዓይነት የሚንጫጫ ጩኸት ነው። ጥጋቡ ጥርሱን ነከሰ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ጓድ ጉልላት?»

«እንጃ፣ ጓድ።»

«እኔ ልንገርህ። የስለላ መልእክት ነው። በድንበር የገባ መሣሪያ፣ የማይሰማ ቋንቋ፣ የድንበር ሹፌር። ሰላዮቹ ተጣሉ፣ አንዱ አንዱን ገደለ። አለቀ።»

«ጌታው፣ እሱኮ የኮምፒዩተሯ …» ብሎ ሀሰን ሊናገር ሲል፣

«አንተ ተጠይቀሃል?» አለው ከተማ። 

ከድሩን ያገኙት የጭነት መኪናው ሥር ሰሌን አንጥፎ ተኝቶ ነው። ገድሎ የሸሸ ሰው አይመስልም። እሁድ ሙሉ ቀን አዋሽ እንደነበረ፣ ከሰዓት በኋላም እዚሁ መኪናው ሥር ብቻውን እንደተኛ ሳይጠየቅ ተናገረ። የረዲን መሞት ሲነግሩት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጉልላት ልቅሶውን አየና በሆዱ «ይኼ አልገደለም» አለ። በሆዱ ነው ያለው። በእጁ ግን ከተማ ያቀረበለትን ወረቀት ፈረመ፦ ተጠርጣሪው ለልዩ ምርመራ ተላልፏል።

ልደብቃችሁ አልችልም፣ ጉልላት ፈሪ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ከእሱ በፊት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ «ቆይ ላጣራ» ያለው መቶ አለቃ ዛሬ የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም።

«ረቡዕ ከቀትር በፊት መኪና ከአዲስ አበባ ይመጣል» አለው ከተማ ወረቀቱን እያጠፈ። «እስከዚያ ፋይሉን አሟላ። እስከዚያ ሰውየው እኔ ጋ ነው።»

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ጉልላት አያውቅም። ረቡዕ ማለት ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ፋይል ማሟላት ከተባለ ይሟላ ብሎ፣ የረዲን ደብተር ገለጠ። ድምፅ ሊያስቀዱ የመጡ ሰዎች ስም ተጽፎበታል። ከሁሉ ደጋግሞ የመጣው አዲስአለም ይባላል፤ በመልካ ወረር በኩል ያለ አንድ የጥጥ እርሻ የኪነት ቡድን መሪ። ስሙን አዋሽ ላይ የማያውቅ የለም። ለአብዮቱ በዓል የተዘጋጀው፣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚያደነቁርበት የትራክተር መዝሙር የእሱ ድርሰት ነው። በዚያው መዝሙር ምክንያት ለሙዚቃ ትምህርት ወደ ውጭ አገር እንደታጨም ይወራል። ምግባሩን የሚያውቅ ሰው ግን ወሬውን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል።

ከአዋሽ እርሻው ድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሲደርሱ አዲስአለም አዳራሹ ውስጥ ካኪ የለበሱ ወጣቶችን ያዘምራል። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ፀጉሩ በቅባት ተለጥፏል፤ ቀኝ መዳፉ ላይ ፕላስተር አለ። ወጣቶቹን አሰናበተና ፈገግ አለ።

«ሰማሁ፣ ጓድ መቶ አለቃ። በጣም ነው ያዘንኩት። ካሴት ይገለብጥልኝ ነበር።»

አላዘነም። ሐዘንና የአዘንኩ ባይነት ፊት ለይቶ ማወቅ የጉልላት እንጀራ ነው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነኝ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ በሩን ከውስጥ ቆልፌ የበዓሉን ዜማ ለብቻዬ ስቀዳ ነበር። ዘበኛውን ይጠይቁት።» መሳቢያ ከፈተና አንድ ካሴት አወጣ። «ይኸው የቀዳሁት። መሀል ላይ አዛን ገብቶብኛል፤ የእርሻው ካምፕ መስጂድ ድምፅ ማጉያ አፉን ወደዚህ አዙሮ ነው የተሰቀለው። ትናንት ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ለእርስዎ ይጠቅማል። የአሱር አዛን ነው።»

«እጅህን ምን ነካው?»

«የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ቆረጠኝ።»

ዘበኛው ጋሽ ይገዙ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ። አዎ፣ ሙዚቃው ከስምንት እስከ አሥራ አንድ አላቋረጠም፤ አዲስአለምም በአሥራ አንድ ሰዓት በሩን ከፍቶ ወጥቷል። «ደግሞ ትናንት ጥሩ ውሎ ነው የዋለ» አሉ ሽማግሌው። «አልተሳደበም።»

«እንዴት?»

«ሌላ ጊዜ ጣቱ ስትስት የእናቱን ስም ሳይቀር ያነሳል። ሲበዛ ባለጌ ነው፣ ልጄ። እሁድ ግን አንድም አልሳተ። ይኼው ዜማው ወጣለት አልኩ።»

ጉልላት ይህንንም ጻፈ፤ ጽፎም ረሳው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ካሴቱን ከፈቱት። መዝሙሩ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ከርቀት ጥርት ያለ አዛን ይገባል፤ ከዚያ መዝሙሩ ይቀጥላል። ጉልላት የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ጥጋቡ የመንዝ። አዋሽ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ጉልላት በየቀኑ አምስት ጊዜ አዛን ሰምቷል፤ ለእሱ ግን የሰዓት ደወል ማለት ነው፤ ምን እንደሚል አንድ ቀን ጆሮውን ጥሎ አላዳመጠም።

«ይኼስ ንጹሕ ነው» አለ ጥጋቡ።

ጉልላት የአዲስአለምን ስም ሰረዘ።

ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያው ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ሰሐን በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ ቆማ ጠበቀችው። ኡምሰልማ ትባላለች፤ የከድሩ ታላቅ እህት ናት። ሎጊያ ላይ ለሹፌሮች ምግብ ታበስላለች። ወሬው ሰኞ ደርሷት፣ ያንን ሁሉ በረሃ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ መጥታለች።

«መርማሪው አንቱ ነዎት?»

«ነኝ፣ እህቴ።»

«ወንድሜን አዩት?»

«ሰኞ አይቼዋለሁ።»

«ዛሬስ?»

 ሴትየዋ ዓይኑን አልለቀቀችውም። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። «እንግዲያው ሄደው ይዩት» አለች። «እኔን ከልክለውኛል። አይተው ይንገሩኝ።»

ሄደ። የጓድ ከተማ ሰዎች ከድሩን የያዙት ከቀበሌው ጀርባ ባለ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ላይ ገራፊው ፓፓያ ይበላል፤ ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል፣ ፍሬውን እንትፍ ይላል፤ የሬዲዮ ዘፈን አብሮ ያንጎራጉራል። ከድሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጉልላት እግሩን አየ። እግር ማለት ይከብዳል፤ የውስጥ እግሩ ተልጦ፣ አብጦ፣ ጣቶቹ የት እንደጀመሩ አይለይም። ዝንቡ ደግሞ ከረዲ ጓዳ ተከትሎት የመጣ ይመስል ነበር። ጉልላትን ቋቅ ያለው የእግሩ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ፓፓያው ነው፣ እንጉርጉሮው ነው፣ ሰኞ የፈረመበት የገዛ እጁ ነው።

«መቶ አለቃ» አለ ከድሩ ቀና ብሎ። «ካሴቱ ስለላ አይደለም። ለእነሱ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። ኮምፒዩተሯ ጋ አድርሱኝና ላሳይዎት።»

ለፋይሉ ያስፈልገኛል ብሎ አስወጣው። ሁለት ፖሊሶች በወንበር ተሸክመው ኮምፒዩተሯ ከነካሴቷ በማስረጃነት የተቀመጠችበት የጣቢያው ቢሮ አስገቡት። ኡምሰልማ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። እግሩን አየች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ከድሩ ሽቦዎቹን አያያዘ፣ ሁለት ሦስት ቃል በላቲን ፊደል ጻፈ፣ የሚንጫጫውን ካሴት ከተተና ማጫወቻዋን ተጫነ።

«ይኼ ጩኸት ለእኛ ነው ጩኸት የሆነው» አለ። «ለእሷ ጽሑፍ ነው። ረዲ የጻፈላትን ቁጥር ካሴት ላይ በድምፅ ታስቀምጠዋለች፣ ስንፈልግ መልሳ ታነበዋለች። ሲያስተምረኝ አብሬው ተቀምጬ ነው የዋልኩት።»

አምስት ደቂቃ ያህል ተንጫጫ። ከዚያ ዝም አለ፣ ቴሌቪዥኗ ላይ ጽሑፍ ወጣ፣ ከበሮ ገባ። ከከበሮው ላይ አንድ ቀጭን ዋሽንት የመሰለ ድምፅ ተነሳ። የማሽን ድምፅ ነው፣ ያስታውቃል፤ ሆኖም ረዲ ድምፁን እያነሳ እየጣለ፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው እያቆራረጠ አበጅቶታል፤ ሰውን ሆድ ሆዱን ያባባዋል። ጥጋቡ ከወንበሩ ተነሳ።

«የአዲስአለም መዝሙር!»

መዝሙሩ ነው። ትራክተሩና የጥጥ ኮታው ከግጥሙ ሲወጣ ግን እንዲህ ነው። ጉልላት ቴሌቪዥኗ ላይ ያለውን የላቲን ፊደል ቆጥሮ አነበበ፦ ረዲ። ለእናቴ ለኑራ። ኅዳር 1979።

«እናቱ በጥቅምት ነው የሞተችው» አለ ከድሩ። «መቃብሯ ላይ አልደረሰም። ይቺን ሠራላት። አዲስአለም ካሴት ሊያስገለብጥ መጥቶ ሰማትና ቀድቶ ሄደ። ረዲ በቀበሌው ማጉያ በትራክተር ግጥም ተጠቅልላ ስትመጣ ነው ያወቀው። እሁድ ጠዋት፣ "ሰኞ አዲስ አበባ ድረስ እጽፋለሁ፤ ማስረጃዬ ካሴቱ ላይ ነው፤ ለአዲስአለም ለራሱም ነግሬዋለሁ" አለኝ። እኔ ደግሞ ዝም በል፣ ኮምፒዩተሯንም ደብቃት አልኩት። የተጨቃጨቅነው ለዚህ ነው።»

እንግዲህ መግደያ ምክንያት ያለው ሰው ተገኘ። ሰውየው ግን ረዲ በሞተበት ሰዓት የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ሲጫወት ዘበኛ ሰምቶታል፣ ካሴትም መስክሮለታል። ከተማ ይህን ይዞ ይስቅበታል። ጉልላት የአዲስአለምን ካሴት አወጣና እንደገና ከፈተው። አንዴ ሰማው። ሁለተኛ ሰማው። ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ ነገ ረቡዕ መሆኑን ብቻ ያውቃል።

በሦስተኛው ላይ ኡምሰልማ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቱ፣ ምነው በዚህ ሰዓት የሱብሂን አዛን ትከፍታላችሁ?»

«ምን አልሽ?»

«የሱብሂ ነው፤ የንጋቱ።»

«የለም፣ የአሱር ነው። እሁድ ከሰዓት የተቀዳ።»

ሴትየዋ እንደ ሞኝ አየችው። «ይመልሱት እስቲ።» መለሰው። እጇን አንስታ ጠበቀች፣ ከዚያ «እዚህ ጋ» አለች። «አስሰላቱ ኸይሩን ሚነነውም። ሁለቴ ነው የሚለው። ሶላት ከእንቅልፍ ይሻላል ማለት ነው። ይቺ ሱብሂ ላይ ብቻ ነው የምትባለው። በአሱር ማን ተኝቶ ነው ከእንቅልፍ ይሻላል የሚባለው? የሦስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስቱም ፖሊሶች ተያዩ፤ ሦስቱም ክርስቲያን ናቸው።

ጉልላት ቁጭ አለ። ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየው፤ የታየው ነገር ደግሞ አስጠላው። በንጋት የእርሻው ሞተርና የጥጥ መዳመጫው አልተነሳም፤ ድምፅ ጥርት ይላል። ድምፅ የሚያውቅ ሰው አዛን ልቅዳ ቢል በንጋት ይቀዳል። ከዚያ መዝሙሩ መሀል ይቀላቅለዋል። እሁድ በስምንት ሰዓት ያንን ካሴት አዳራሹ ውስጥ ራሱን በሚገለብጥ ቴፕ ይለቅና በኋላ መስኮት ይወጣል። ካሴት ጣቱ አይስትም፣ ካሴት አይሳደብም። ጋሽ ይገዙ ነግረውት ነበር፤ እሱ ነው ያልሰማው።

ከሰዓት በኋላ እርሻው ሲደርሱ አዲስአለም ያንኑ መዝሙር ያዘምራል። ጉልላት ወጣቶቹ እስኪወጡ አልጠበቀም።

«አዛኑን መቼ ነው የቀዳኸው?»

«ነገርኩዎት እኮ፣ እሁድ በአሱር።»

«በአሱር አዛን ላይ ሶላት ከእንቅልፍ ይሻላል ይባላል?»

አዲስአለም መጀመሪያ አልገባውም። ከፊት ረድፍ ከቆሙት አንዷ፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ፣ «የሱብሂ ነው እንጂ» አለች ዝግ ብላ። ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ፍርሃት ግን አልነበረም። ቅላጼ የሳተ ዘማሪ ሲሰማ የሚያሳየው ዓይነት ንቀት ነው።

«ያቺን አላወቅኩም» አለ። «ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ነው የወሰድኩት።»

«እጅህን ክፈት።»

ፕላስተሩን ጥጋቡ ላጠው። የማንገቻ ቁስል አይደለም፤ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር የሄደ ቀጭን የገመድ ሰምበር ነው። የግራውም መዳፍ እንደዚያው።

«በምን ሄድክ?»

«በእርሻው ሞተር ብስክሌት። ሱቆቹ ለሶላት እስኪዘጉ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ።» ምን እንዳናገረው እንጃ፣ ካፉ ላይ ተዘረገፈ። «አሥራ ስምንት ዓመት አኮርዲዮን ደረቴ ላይ ተሸክሜአለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት! አንዲት ሰው የሚያስለቅስ ዜማ አልወጣልኝም። እሱ ደግሞ መሣሪያ ይዞ የማያውቅ፣ ከልብስ ሰፊ ጎን የተቀመጠ ማቲ፣ ቁጥር እየጻፈ … ቁጥር! ሠራሁት እንኳ ሊል አይገባውም። ማሽን ነው የሠራው።»

«ማሽን ከሠራው ለምን ሰረቅኸው?»

አዲስአለም ካቴና ሲገባለት ወደ ወጣቶቹ ዞሮ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትቸኩላላችሁ» አላቸው። ሻሽ ያሰረችው ልጅ አፏን ይዛ ሮጣ ወጣች።

ጓድ ከተማ ነገሩን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ መሐረቡን አጣጠፈ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ዜማው ግን ለበዓሉ ይሄዳል አይደል?»

«ባለቤቱ ሞቷል፣ ጓድ።»

«በሕዝቡ ስም ይሄዳላ። ሹፌሩም ይሄዳል። ሰላይ ተይዟል ብዬ ሪፖርት አድርጌአለሁ።»

 እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የፈራ ሰው ብልሃት የመጣችለት። «እንደ ፈቀዱ» አለ ጉልላት። «ግን ፋይሉ ላይ የምጽፈው አንድ ነገር አለ። የሚንጫጫው ካሴትና ለበዓሉ የላኩት መዝሙር አንድ ናቸው። በሦስት ፖሊስ ፊት ተሰምቷል። ካሴቱ የስለላ ከሆነ፣ የስለላ መልእክት ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀበሌ ማጉያ ያስነገሩት እርስዎ ነዎት።»

ከተማ መሐረቡን ኪሱ ከተተ። «ከድሩ የሚባል ሰው እኔ አላውቅም» አለና ወጣ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው።

ረቡዕ ጠዋት፣ መኪናው ከመድረሱ በፊት፣ ጉልላት የመፍቻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከድሩ ወንበር ላይ ነው፤ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የጤና ጣቢያው ሰው አይቶት፣ ግራ እግሩ ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚረግጥ አይመስለኝም፣ ቀኙንም እንጃ ብሎ ሄዷል። ኡምሰልማ ጣቷን ቀለም ላይ ከማድረጓ በፊት፣

«ምን ይላል? ያንብቡልኝ» አለች።

«ተጠርጣሪውን በሙሉ ጤንነት ተረክቤአለሁ ይላል።»

«በሙሉ ጤንነት ይላል?»

«ይላል።»

«አላትምም።»

ጥጋቡ «እትዬ፣ መኪናው ሳይመጣ …» ብሎ ተለማመጣት። ጉልላት እጁን አንስቶ አስቆመው። እስክሪብቶ አነሳና «በሙሉ ጤንነት» የሚለውን ሰረዘ። ከላዩ ላይ፦ ሁለት እግሩ በግርፋት ተጎድቶ፣ መራመድ ሳይችል። ጎኑ ላይ ስሙን ጻፈና ፈረመ። አነበበላት። አተመች።

«ለእነዚያ ሰዎች አሳልፎ የሰጠውስ ወረቀት?» አለች ጣቷን በነጠላዋ እየጠረገች። «እሱን ማን ነው የፈረመው?»

ጥጋቡ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ ጉልላት።

 የጭነት መኪናው ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ የሎጊያ ሹፌር አንዱ ሊነዳላቸው መጥቶ መሪው ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ፖሊሶች ከድሩን ሊያነሱ ወደ ወንበሩ ጎንበስ አሉ።

«ተዉት» አለቻቸው። ወደ ጉልላት ዞረች። «አንተ ተሸከመው።»

ጉልላት ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወንበሩ ፊት ተንበረከከና ጀርባውን ሰጠ። ከድሩ ክንዱን በአንገቱ ዙሪያ አደረገ፤ ከባድ ነው፣ ላብና ደም ደም ይሸታል። ጉልላት ተሸክሞት ተነሳ።

«ቀስ በል» አለው ከድሩ ጆሮው ሥር። «እግሬን በሩ እንዳይነካብኝ።»

ጉልላት ጎኑን ሰጥቶ በሩን ወጣ። ግቢው ውስጥ የነበረው ፖሊስ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየው ነበር።